ከአጥንት የተቆረጠ ነገር ባልዲ ውስጥ አይጣል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር በጤና ዓምዳችሁ ስለ አጥንት ካንሰር ያወጣችሁት ጽሑፍ እኔ ዘንድ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ጋዜጣው በርበሬ ተጠቅልሎበት ወደ መሐል ሜዳ መጣ። በርበሬውን አራግፌ፣ እያስነጠስኩ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ የጻፈውን ሰው አመሰግናለሁ። አንዱ ቦታ ላይ ግን የአጥንት ካንሰር ሌሊት እየባሰ በሚሄድ ሕመም እንደሚታወቅ፣ የማያምም እብጠት ደግሞ ብዙም እንደማያሳስብ ተጽፏል። የብዙዎቹን ጠባይ ይገልጽ ይሆናል። የእኔው አምስት ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድም ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ርዝመቱን ታገሡኝ።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ነገሩን ያወቅሁት በ2010 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነው፣ ያኔ 31 ዓመቴ ነበር። ማምሻውን ወደ ንስሐ አባቴ ስቀርብ እንደ ወጉ በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው “አርባ አንድ ስገጂ” አሉኝ። ቀኝ ጉልበቴ ከመጀመሪያዋ ስግደት ጀምሮ እምቢ አለ። ሕመም የለውም፤ ብቻ ቋንጃዬ ውስጥ ጨርቅ ጠቅልለው የወሸቁበት ይመስል እስከ መጨረሻው አልታጠፍ አለ። እንደምንም አርባ አንዱን ጨርሼ ቤት ገባሁና ስዳብሰው፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከጭኔ አጥንት ጀርባ የግማሽ እንቁላል ያህል ነገር አገኘሁ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ቢገፉት የማይነቃነቅ።

የመምህር አመል አይለቅም። ከፋሲካ በኋላ የሰሌዳውን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር ተውሼ፣ ልጄ አንዱን ጫፍ ይዞልኝ፣ ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለካሁ። ግራው 140 ዲግሪ፣ ቀኙ 125። ሮስተሩ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ውጤት ደምሬ በጨረስኩ ቁጥር የራሴንም ጉልበት እመዘግብ ጀመር። 2011 ላይ 118፣ በ2012 መጀመሪያ 110። ባለቤቴ “ለራስሽም ደረጃ አውጪ” እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እኛ አገር ጉልበት እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚኬደው ወጌሻ ቤት ነው፣ እኔም ሄድኩ። ጋዜጦች ስለ ወጌሻ ሲጽፉ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ያደርጓቸዋል፤ አንዳንዴም እውነት ነው፣ በጥብቅ ታስሮ የበሰበሰ እግር አይቻለሁ። እኔን ያዩኝ አዛውንት ግን ቅቤ ቀባ አድርገው ሁለት ጊዜ ዳበሱትና እጃቸውን አነሱ። “ልጄ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም፣ ጅማትም አልዞረብሽ። አጥንቱ ላይ የበቀለ ነገር ነው። እኔ ባሸው አጠፋሻለሁ፤ ሂጂና ራጅ ተነሺ” አሉኝ። የሰጠኋቸውን ብርም መለሱልኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ “ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው” ያለ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ያንን ቃል ለመስማት ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

ጥር 2012 ላይ ራጅ ተነሣሁ። “ትርፍ አጥንት ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አለ፤ ካስቸገረሽ ይቆረጣል” ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ፊልሙን ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሁላችንም ቤት ተቀመጥን። ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ የተጋረደች ዕለት፣ የሰፈሩ ልጆች ራጄን አውርደው በየተራ ወደ ሰማይ ያዩበት ገቡ። (በነገራችን ላይ ይህን አታድርጉ፤ የተነሣ ራጅ ዐይንን ከፀሐይ አያድንም። እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።) የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ “እማ፣ አጥንትሽ ላይ ክር አለ” አለኝ። ቀማሁትና በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ከጭኔ አጥንት ጀርባ ነጭ፣ ጉርብጥብጥ ያለ ነገር ተለጥፏል፤ በእሱና በአጥንቱ መካከል ደግሞ ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ልክ እንጀራ ከምጣዱ ተላቆ ጫፉ ብቻ እንደቀረ። እኔ ፊልሙ የተጫረ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 2013 ላይ አስቆረጥኩት። የቱ ከተማ፣ የቱ ክሊኒክ እንደሆነ አልጽፍም፤ ማወቅ ለሚገባቸው ነግሬያለሁ። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው፣ “አይዞሽ እህቴ” እያለ ነው የሠራኝ። ከወገቤ በታች ስለደነዘዝኩ ነቅቼ ነበርና የወጣውን አሳዩኝ። ሁለት ሦስት ቁራጭ ነው፤ በብረት ሳህን ላይ ሲያስቀምጡት ቋ ብሎ ጮኸ። እንደ ዝሆን ጥርስ ነጭ፣ ዙሪያው እንደ ድንች ጎርበጥባጣ፣ አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ሥጋ የያዘ። “ምን ታደርጉታላችሁ?” ስል “ልትወስጂው ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነርሷ ሳህኑን ወደ ቀዩ ባልዲ ደፋችው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ቁስሉ ሲድን ጉልበቴ 130 ዲግሪ ታጠፈ። ለስቅለት ሰገድኩበት። በ2014 መግቢያ 121 ሆነ፤ ጠባሳው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲና ደረሰ፤ ጉልበት የሚለካ ሰው አልነበረም። በ2015 ፕሮትራክተሩን መልሼ ሳነሣ 95 አነበብኩ። ግማሽ እንቁላል የነበረው አሁን ብርቱካን አክሎ፣ ጠባሳዬን ከሥር ወደ ላይ እየገፋው ነው። አሁንም አያምምም።

አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎልኝ የአጥንት ዕጢ የሚያዩ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ዕድሜያቸው ከእኔ አይበልጥም። እግሬን ሳይነኩ “ያኔ የወጣው የፓቶሎጂ ውጤት የታለ?” አሉኝ፤ የተቆረጠው ሥጋ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የሚጻፈውን ማለታቸው ነው። የለም አልኳቸው። “ሥጋው ተልኮ ነበር?” ባልዲውን ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ትንሽ ዝም አሉ። ቀጥለው “የመጀመሪያውን ራጅ አልጣልሽውም?” ሲሉ ከዘንቢሌ አወጣሁት። መብራቱ ላይ ሰቅለው ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያቺ መስመር ላይ አሳረፉ። “ይቺን አይተሻታል?” “ልጄ አይቷታል፤ በፀሐይ ግርዶሽ ዕለት” አልኳቸው።

ስሙ ፓሮስቲያል ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። የተረዳሁትን ያህል ላስረዳ። የተለመደው የአጥንት ካንሰር ከአጥንቱ ውስጥ፣ ከመቅኔው ወገን ተነሥቶ ወደ ውጭ ይፈነዳል። ይህኛው ከአጥንቱ ውጫዊ ገጽ፣ ከሽፋኑ አካባቢ ይበቅልና አጥንቱን ከውጭ እየተለጠፈበት ያቅፈዋል። የሚወደው ቦታ ልክ የእኔው ነው፣ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ጀርባ። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለን ሰው ይይዛል፣ ሴት ትንሽ ታመዝናለች። ከመቶ የኦስቲዮሳርኮማ በሽተኛ አራት ወይም አምስቱ ቢሆኑ ነው። ዝግተኛ ነው፤ ለዓመታት ያለ ሕመም ያድጋል፣ መጀመሪያ የሚያሳብቅበትም መታጠፍ የተሳነው ጉልበት ነው። ያቺ ጥቁር መስመር ዕጢው ገና ያልተጣበቀበት ክፍተት ናት፤ ሁሉም ሰው ላይ አትታይም፣ ዕጢው ሲያድግም ትጠፋለች። በሁለተኛው ራጄ ላይ የለችም።

ታዲያ ከትርፍ አጥንት በምን ይለያል? ይህን ሐኪሙን ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ትርፍ አጥንት ከዛፍ ግንድ እንደወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ የአጥንቱ ግድግዳም መቅኔውም ሳይቋረጥ ወደ እሱ ይዘልቃል። የእኔው ግን ግንዱ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ሳይከፈት አለ። ደግሞ ትርፍ አጥንት ሰውየው ማደጉን ሲያቆም እሱም ያቆማል። በ31 ዓመቷ ሴት ላይ በየዓመቱ የሚያድግ “ትርፍ አጥንት” እንግዲህ ስሙን መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። የእኔ ሮስተር ያን ያሳይ ነበር፤ ያኔ ግን ማን ጠየቀኝ? ሌላም የሚያሳስት አለ፣ ከምት በኋላ ጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር አጥንት። እሱ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚጠነክረው፤ የእኔ ዓይነቱ ደግሞ መሐሉ ጠንክሮ ዳሩ ይሳሳል። ሲቲ ስካን ይህን ለይቶ ያሳያል።

ለኤምአርአዩ ሁለት ሙክት ሸጠናል። ዕጢው ወደ መቅኔው ገብቶ እንደሆነ፣ ከቋንጃ ደም ሥር ጋር ተጣብቆ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ የደረት ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ካንሰር ሲሰደድ መጀመሪያ የሚያርፈው ሳንባ ላይ ስለሆነ። ሳንባዬ ንጹሕ ነበር፣ ተመስገን።

ባዮፕሲው ላይ፣ ማለትም ለምርመራ ከዕጢው ትንሽ ናሙና በመርፌ የተወሰደበት ላይ፣ ጥቂት ልቆይ። እኔ መርፌ መርፌ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ማንም ቢወጋኝ ልዩነት ያለው አይመስለኝም። ሐኪሙ ግን ወጌሻው እንዳደረጉት መጀመሪያ ዳበሱኝ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ። መርፌው የሚገባበት መንገድ ራሱ ዕጢ ሊዘራበት ይችላል፤ ስለዚህ የኋላውን ትልቁን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም በሚቆርጥበት መስመር ላይ መግባት አለበት፣ በኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ እንዲወጣ። በማይሆን ቦታ የተወጋ መርፌ እግር ሊያስቆርጥ ይችላል። የወጣውን ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተቱት፣ ስሜንና ቀኑን ለጠፉበት። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለምን ይህን ያህል ቆየ ስል፣ አጥንት እንደ ሌላው ሥጋ በምላጭ አይላጭም፤ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ መጀመሪያ መለስለስ አለበት ተባልኩ። ያም ሆኖ ፓቶሎጂስቱ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ይህ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጨዋ ይመስላል፣ ደኅና አጥንት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ ራጁ አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚነበበው።

ቀዶ ሕክምናው ጥር 2016 ላይ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዕጢው ራሱ በቢላ ሳይነካ፣ ዙሪያውን ጤነኛ ሥጋ እንደለበሰ፣ በሙሉ መውጣት አለበት። መጀመሪያውኑ እንዲያ ቢሠራልኝ የአጥንቴ የኋላ ግማሽ ብቻ ወጥቶ ጉልበቴ የመትረፍ ዕድል ነበረው። በቁርጥራጭ ስለወጣ ግን ፍርፋሪው በጠባሳውና በጡንቻው ውስጥ በቅሏል። ስለዚህ የድሮው ጠባሳ ከእነ ጡንቻው፣ ከጭኔ አጥንትም የታችኛው 15 ሳንቲ ሜትር ከእነ መገጣጠሚያው ወጣ። በምትኩ ከሌላው እግሬ ቀጭኑን አጥንት ወስደው፣ ረጅም ብረት ከጭኔ እስከ ባቴ አስገብተው አንድ ወጥ አደረጉት። ሮስተሩ ጀርባ ላይ የመጨረሻው ቁጥር 0 ነው። ከዚያ ወዲህ መለካት አላስፈለገም።

እግሬ አለ፤ እራመዳለሁ፤ ቆሜ አስተምራለሁ፣ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ጉልበት ማጠፍ አያስፈልግም። ሚኒባስ ስሳፈር ግን ጋቢና ካልሆነ አልገባም፣ እዚያም የሁለት ሰው እከፍላለሁ። ስቅለት ላይ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ፣ አባም አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል።

ጎረቤቶቼ ካንሰር መሆኑን አያምኑም። “ጨረር አልወሰድሽ፣ ኬሞ አልወሰድሽ፣ ፀጉርሽም አልረገፈ፤ ምን ዓይነት ካንሰር ነው?” ይላሉ። አንዷማ የተሰወረብኝ ሕክምና ያለ መስሏት ጥቁር አንበሳ ሄጄ ጨረር እንድለምን መክራኛለች። ይህ ዓይነቱ ዝግተኛ ሆኖ እስካለ ድረስ ኬሞም ጨረርም እምብዛም አይሰማም፤ መድኃኒቱ ቢላው ነው፣ ቢላው በሥርዓት ከተያዘ። እንዲያ ከተወገደ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። አስፈሪው ሌላ ነው። ተቆርጦ በተመለሰ ቁጥር ጠባዩን ሊቀይር፣ ወደ ኃይለኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ኬሞውም ይመጣል፣ ያ ከአሥር ዘጠኝ የሚባለውም ሒሳብ ይፈርሳል። የእኔው አልተለወጠም ነበር። ይህን የነገሩኝ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ ክፉ ውጤት መስሎት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ።

ከአልጋዬ አጠገብ የተኛው የ15 ዓመት ልጅ እንደ እኔ ዕድለኛ አልነበረም። የእሱም ከአጥንቱ ገጽ ላይ የተነሣ ነው፣ ከጉልበቱ በታች፤ ግን ከመነሻው ኃይለኛ የሆነው ዓይነት። እሱን ያምመዋል፣ በሦስት ወር ነው ያበጠው። እንደ ተለመደው ኦስቲዮሳርኮማ ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን ይሰጡታል፣ ቀዶ ሕክምናው በመሐል ነው። ክፍልፋይ አስጠንቼዋለሁ፤ ኬሞ የገባለት ዕለት እንኳ ደብተሩን አልጋው ላይ ይዘረጋ ነበር። በመልክ ተመሳሳይ፣ በጠባይ ምድርና ሰማይ የሆኑትን ሁለቱን የሚለየው ያው ብልቃጥ ነው።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። ከሰው አጥንት ላይ የተቆረጠ ነገር፣ የቱንም ያህል ትርፍ አጥንት ቢመስል፣ ባልዲ ውስጥ አይግባ። ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት የምንፈርምበት ወረቀት አለ፤ ብሞት አልከስም የሚል ይመስለኛል፣ ማንም አያነብልንም። እዚያ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፦ “የወጣው ሥጋ የተላከበት ቦታ”። ባዶ ከሆነች ታካሚው ያያታል። የጤና ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ ወጪ የለውም አልልም፤ ፓቶሎጂስት በየከተማው እንደሌለም አውቃለሁ። ግን ፎርማሊን ውስጥ የገባ ሥጋ አይቸኩልም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብልቃጥ ጋቢና ልቀመጥ አይልም፣ የሁለት ሰው ሒሳብም አይከፍልም።

ለሐኪሞቻችን ደግሞ፣ በድፍረት አይቆጠርብኝና፣ ከጉልበት ጀርባ አጥንት ላይ የተለጠፈ፣ በጎልማሳ ሰው ላይ የሚያድግ ነገር ስታዩ ቢላ ከማንሣታችሁ በፊት ወጌሻው ያሉኝን በሉ። እሳቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ላይ ይህንኑ ተናግሬያለሁ።

የዓምዱ አዘጋጅ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቢያርሟት ደስ ይለኛል። የማያምምም ቢሆን ጠጣር የሆነ፣ ከአጥንት ጋር የተጣበቀና የሚያድግ እብጠት ራጅ ይነሣ ብትሉ ይበቃኛል። የ2012ቱን ራጅ ባለቤቴ በስልኩ አንሥቶት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ስሜ የተጻፈበትን ጥግ ቁረጡልኝ። ካተማችሁት ግን ተለቅ አድርጉት፤ መስመሯ ቀጭን ናት፣ በጋዜጣ ወረቀት ላይ እንዳትጠፋ።

አንዲት የሒሳብ መምህርት
ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ